የሌላ ሰው መልስ፦ በአፕሊኬሽንና በሬዲስ መካከል የተፈጠረ የአንድ ስህተት ጉዳይ ጥናት

ሰኞ መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 20 ቀን 2023) ቻትጂፒቲን የከፈቱ አንዳንድ ሰዎች የውይይት ታሪካቸው በሚታይበት ቦታ ላይ ራሳቸው ያልጻፏቸውን ርዕሶች አገኙ። ርዕሶቹ የሌሎች ተጠቃሚዎች ነበሩ። የአገልግሎቱ ባለቤት ኦፕንኤአይ አገልግሎቱን ለጊዜው አቋረጠ፤ መጋቢት 15 ቀን ደግሞ የምርመራውን ውጤት ይፋ አደረገ። ሰብሮ የገባ ሰው አልነበረም። መረጃውን ለፈጣን ንባብ የሚይዘው ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝም የተቀመጠለትን በትክክል ይዞ ነበር። ስህተቱ የተገኘው አፕሊኬሽኑን ከሬዲስ ጋር በሚያገናኘው የደንበኛ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ውስጥ ነው፤ ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ ጭነን ከዚያ በኋላ ዞር ብለን በማናየው ክፍል።

ጉዳዩ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም እዚያ የነበረው አሠራር በማንኛውም መካከለኛ ፕሮጀክት ውስጥ የሚገኝ ነው። የፓይተን ቋንቋ፣ ብዙ ተግባራትን እያፈራረቀ የሚያሠራው የፓይተን መሣሪያ አሲንክአዮ፣ ሬዲስ፣ ክፍት ግንኙነቶች የሚቀመጡበት ቋት። ከዚህ የተለየ ምንም አልነበረም።

ዳራ

ሬዲስ መረጃን በራም ውስጥ የሚይዝ፣ በቁልፍና በእሴት ጥንድ የሚሠራ ዳታቤዝ ነው። እዚህ ያገለገለው እንደ ካሽ ነበር፦ ተጠቃሚው ገጽ በከፈተ ቁጥር ወደ ዋናው ዳታቤዝ መሄድ እንዳያስፈልግ የተጠቃሚው መረጃ ሬዲስ ላይ ይቀመጣል። ጭነቱ ለአንድ ሰርቨር ስለሚበዛ ሥራው በበርካታ የሬዲስ ሰርቨሮች ላይ በሬዲስ ክላስተር ተከፋፍሏል። አፕሊኬሽኑ በፓይተን ተጽፎ በአሲንክአዮ ይሠራል፤ ከሬዲስ ጋር የሚነጋገረው ሬዲስ-ፓይ በተባለው ክፍት ምንጭ ላይብረሪ ነው።

ሬዲስ-ፓይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ የቲሲፒ ግንኙነት አይከፍትም። አንድ ግንኙነት ለመክፈት መጨባበጡ፣ የይለፍ ቃል ማረጋገጡ፣ ቲኤልኤስ ካለ ደግሞ የምስጠራ ስምምነቱ እያንዳንዳቸው ምልልስ ይጠይቃሉ፤ ሬዲስ ግን በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ካለ አንድን እሴት አንብቦ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው የሚፈጅበት። ለጥያቄው ከሚጠፋው ጊዜ ይልቅ ለመገናኘት የሚጠፋው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ላይብረሪው የተከፈቱ ግንኙነቶችን በአንድ ቋት ውስጥ ያስቀምጣል፦ ጥያቄ ሲመጣ አንዱን ያወጣል፣ ምላሹን ይቀበላል፣ ግንኙነቱን ወደ ቋቱ ይመልሳል። ቀጣዩ ጥያቄ የሌላ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ግንኙነቱ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ የሬዲስን ፕሮቶኮል ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮቶኮሉ ሬስፕ ይባላል። በሬስፕ ጥያቄ ሲላክ መለያ ቁጥር የለውም፤ ምላሹም የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ አይናገርም። የአንድ ቁልፍ እሴት ሲጠየቅ የሚመጣው የዶላር ምልክት፣ የባይቶች ብዛትና ይዘቱ ብቻ ነው። የተጠየቀው ቁልፍ ስም እንኳ አብሮ አይመለስም። የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ በእያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ላይ ባለ 16 ቢት መለያ ያኖራል፤ ኤችቲቲፒ 2 ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ሬስፕ የሚተማመነው በተራ ላይ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ የተጠየቀው መጀመሪያ ይመለሳል።

ያለ ካርድ የሚሠለፉበትን የዳቦ ወረፋ አስቡት። ሻጩ በመስኮቱ የሚያወጣው ዳቦ የፊተኛው ሰው ነው። ሁለት ዳቦ ብሎ ያዘዘው ሰው ሳይቀበል ከሄደ፣ የእሱ ዳቦ ከኋላው ለነበረው ይደርሳል፤ የዚያኛው ደግሞ ለቀጣዩ። ሻጩ አልተሳሳተም፤ ወረፋው ግን ከዚያ በኋላ ለሁሉም የተዛነፈ ነው።

የደረሰው ጉዳት

አንዳንድ ተጠቃሚዎች የሌላ ሰው የውይይት ርዕስ ታይቷቸዋል። ሁለቱም በተቀራረበ ሰዓት እየሠሩ ከነበሩ ደግሞ አዲስ የተጀመረ ውይይት የመጀመሪያ መልእክት በሌላው ሰው ታሪክ ውስጥ የሚታይበት ዕድል ነበር።

ምርመራው ሲቀጥል የከፋው ተገኘ። ዘጠኝ ሰዓት በፈጀ ጊዜ ውስጥ አገልግሎቱን ከተጠቀሙት የክፍያ ደንበኞች መካከል የ1.2 በመቶዎቹ መረጃ ለሌላ ሰው ታይቶ ሊሆን ይችላል ተባለ፦ ስም፣ የኢሜይል አድራሻ፣ የክፍያ አድራሻ፣ የክሬዲት ካርዱ ዓይነት፣ የካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥሮችና የሚያበቃበት ቀን። ሙሉው የካርድ ቁጥር አልወጣም። መረጃው የወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ የደንበኝነት ማረጋገጫ ኢሜይሎች ለተሳሳተ ሰው መላካቸው፤ ሁለተኛው፣ ደንበኛው የራሱን የክፍያ ገጽ ሲከፍት የሌላውን ማየቱ። ሰዓቱ በአሜሪካ ፓሲፊክ አቆጣጠር ከሌሊቱ 1 እስከ ጠዋቱ 10 ነበር፤ በአዲስ አበባ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው።

የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በዚያው ማርች 31 ቀን ቻትጂፒቲ የጣሊያን ተጠቃሚዎችን መረጃ እንዳይጠቀም ጊዜያዊ እገዳ መጣሉን ሲያስታውቅ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ክስተት ነበር። አገልግሎቱ ወደ ጣሊያን የተመለሰው በኤፕሪል መጨረሻ ነው።

ሥሩ

ላይብረሪው አንድ ትዕዛዝ ሲፈጽም ሦስት ነገር ያደርጋል። ግንኙነት ከቋቱ ያወጣል። ትዕዛዙን ይልካል። ምላሹን ያነብባል። በመጨረሻም፣ የሆነው ቢሆን፣ ግንኙነቱን ወደ ቋቱ ይመልሳል። ይህ «የሆነው ቢሆን» የሚለው በፓይተን ፋይናሊ ብሎክ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ዓላማውም ግንኙነት ባክኖ እንዳይቀር ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ጉዳቱ የመጣውም ከእሱ ነው።

በአሲንክአዮ አንድ ተግባር መጠበቂያ ነጥብ ላይ ሳለ ሊሰረዝ ይችላል። ስረዛው ሲደርስ ተግባሩ በቆመበት መስመር ላይ የስረዛ ስህተት ይነሣል። ትዕዛዙ ተልኮ ምላሹ ገና ሳይነበብ ስረዛ ቢመጣ ምን ይሆናል? ንባቡ ይቋረጣል፣ ፋይናሊ ይሠራል፣ ግንኙነቱ ወደ ቋቱ ይመለሳል። ሬዲስ ስለ ስረዛው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ምላሹን አዘጋጅቶ ይልካል። ምላሹ በሶኬቱ፣ ማለትም በግንኙነቱ የአፕሊኬሽን ጫፍ ላይ፣ ተቀምጦ የሚያነበው ይጠብቃል። ቀጥሎ ግንኙነቱን የሚወስደው ተጠቃሚ የራሱን ጥያቄ ይልክና ከፊት ያገኘውን ያነብባል። ያነበበው የቀደመው ሰው መልስ ነው። የእሱ መልስ ደግሞ ለሦስተኛው ይቀራል። ግንኙነቱ እስኪዘጋ ድረስ በአንድ ደረጃ እንደተዛነፈ ይቀጥላል።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ የስረዛ ስህተቱ ከተራዎቹ ስህተቶች ቤተሰብ ወጥቶ በቀጥታ ከሁሉም በላይ ካለው ቤዝ ኤክሴፕሽን ሥር ሆኗል። «ኤክሴፕሽን ከተፈጠረ ግንኙነቱን ዝጋ» ብሎ የተጻፈ ኮድ ስረዛን አይዝም። ኮዱን የሚያነብ ሰው የስህተት አያያዝ እንዳለው ያያል፤ ስረዛው ግን በጎኑ ያልፋል።

የሬዲስ-ፓይ ተራ ቋት ግንኙነት ሲያወጣ ያልተነበበ መረጃ በላዩ ላይ መኖሩን ይመረምራል፤ ካለ ግንኙነቱን ዘግቶ እንደገና ይከፍታል። ይህም ቢሆን ሙሉ ጥበቃ አይደለም፤ ምርመራው ሲደረግ የቀረው ምላሽ ገና መንገድ ላይ ከሆነ ሶኬቱ ንጹሕ ይመስላል። ለክላስተር የተጻፈው የአሲንክ ክፍል ግን ይህን ምርመራ አያደርግም ነበር። ኦፕንኤአይም ችግሩ የታየው በክላስተሩ የአሲንክ ደንበኛ ላይ መሆኑን ገልጿል።

ለምን ቶሎ አልታየም?

መረጃ እንዲሻገር ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት። ስረዛው ከመላክ በኋላና ከማንበብ በፊት ባለችው ቅጽበት መድረስ አለበት። ያው ግንኙነት ለሌላ ሰው መዋል አለበት። የተሳሳተው ምላሽ ደግሞ ተቀባዩ ከሚጠብቀው ዓይነት ጋር መመሳሰል አለበት። ቁጥር የሚጠብቅ ኮድ ጽሑፍ ከመጣለት ይወድቃል፤ ተጠቃሚው «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ገጽ አይቶ እንደገና ይሞክራል። አብዛኛው ያበቃው እንደዚህ ነው። በሎግ (በፕሮግራሙ የክስተት መዝገብ) ላይ ይህ ምንጩ ያልታወቀ የዓይነት ስህተት ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ሥራ የበዛበት ቡድን ማለፍ ይቀናዋል።

ሦስተኛው ሁኔታ ግን ካሽ ላይ ከሚታሰበው በላይ በቀላሉ ይሟላል። የሁሉም ተጠቃሚ መረጃ አንድ ቅርጽ አለው፤ ስም፣ ኢሜይል፣ አድራሻ። የአንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ምንም ነገር አይሰበርም፤ ገጹ አምሮ ይታያል።

የመጀመሪያው ሁኔታ በሰላሙ ጊዜ ብርቅ ነው። በዚያ ሰኞ በፓሲፊክ አቆጣጠር ከሌሊቱ 1 ሰዓት ላይ ግን በሰርቨሩ ላይ የገባ አንድ ለውጥ፣ ሳይታሰብ፣ ወደ ሬዲስ የሚሄዱ ጥያቄዎችን ስረዛ በድንገት ጨመረው። ለእያንዳንዱ ግንኙነት ያለው ዕድል ትንሽ ነበር፤ ግንኙነቱና ጥያቄው ሲበዛ ግን ትንሹ ዕድል እውን ሆነ።

ስህተቱን በራስ ኮምፒውተር ላይ ማየት

ይህን በዓይን ማየት ብዙ ማብራሪያ ይተካል። የሚያስፈልገው ሬዲስ-ፓይ 4.5.1፣ በተለመደው 6379 ፖርት የሚሠራ ሬዲስ፣ በመካከላቸው ደግሞ ከሬዲስ የሚመጣውን ምላሽ በ100 ሚሊሰከንድ የሚያዘገይ ትንሽ ፕሮክሲ (አስተላላፊ ፕሮግራም) ነው። ያለ ፕሮክሲው ቅጽበቷን ማግኘት ሎተሪ ነው።

«አንድ» ለሚለው ቁልፍ «ብርቱካን»፣ «ሁለት» ለሚለው «ሙዝ» አስቀምጡ። ደንበኛውን በአንድ ግንኙነት ብቻ እንዲሠራ አድርጋችሁ ክፈቱና በቅድሚያ አንድ ፒንግ (ሬዲስ «ፖንግ» ብሎ የሚመልስለት የሙከራ ትዕዛዝ) ላኩ። ይህ መዘለል የለበትም፤ ካልሆነ ስረዛው የሚደርሰው ግንኙነቱ በመከፈት ላይ ሳለ ይሆንና ምንም አይታይም። ከዚያ «አንድ»ን የሚጠይቅ ተግባር አስጀምራችሁ ከ50 ሚሊሰከንድ በኋላ ሰርዙት። አሁን «ሁለት»ን ጠይቁ። የሚመጣው «ብርቱካን» ነው። ፒንግ ላኩ፤ ፖንግ ስላልመጣ ላይብረሪው «ሐሰት» ብሎ ይመልሳል። «አንድ»ን ጠይቁ፤ «ፖንግ» ይላችኋል። እስከፈለጋችሁት ጊዜ ብትቀጥሉ ሁሌም አንድ ወደ ኋላ ነው።

ያንኑ ሙከራ አሁን ባለው የላይብረሪው ስሪት ላይ ስትደግሙት ከስረዛው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አዲስ ግንኙነት ይከፍትና «ሙዝ» ይመልሳል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ አገልግሎቱ ተዘጋ። ከባድ ውሳኔ ነው፤ ግን ትክክል ነበር። የሰው መረጃ ለሌላ ሰው እየታየ ምክንያቱን ፍለጋ በክፍት በር አይካሄድም።

ቀጥሎ የላይብረሪው ጠባቂዎች ተነግሯቸው ማስተካከያ ወጣ፤ እዚህ ጋ የመጀመሪያው ሙከራ አልበቃም። በ4.3.6፣ 4.4.3 እና 4.5.3 ስሪቶች የወጣው ማስተካከያ የሸፈነው ትዕዛዞች ተጠቅልለው አብረው የሚላኩበትን ፓይፕላይን ነበር፤ ክፍተቱም ሲቪኢ በሚባለው የደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2023-28858 ተብሎ ተመዘገበ። በተናጠል የሚላክ ተራ ትዕዛዝ ግን አሁንም ሊዛነፍ ይችል ነበር። ስለዚህ ሲቪኢ-2023-28859 የሚል ሁለተኛ መዝገብ ተከፈተ፣ 4.4.4 እና 4.5.4 ስሪቶችም ወጡ። በመጀመሪያው ዜና ወደ 4.5.3 ያሳደጉና ፋይሉን የዘጉ ሰዎች ሥራቸው ግማሽ ነበር። የፕሮጀክታችሁ የጥገኞች ዝርዝር ላይ የትኛው ቁጥር እንዳለ ማየት ዛሬም ዋጋ አለው፤ የቆየ የዶከር ኢሜጅ (ፕሮግራሙ ከነጥገኞቹ የታሸገበት ፋይል) ውስጥ ተረስቶ የሚኖረው እንዲህ ያለው ነው።

በስረዛ ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ንባቡን ከስረዛ መከለል ነው፦ ጠያቂው ቢሄድም ምላሹ ተነብቦ ይጣላል፣ ግንኙነቱም ይተርፋል። ሁለተኛው ግንኙነቱን መዝጋት ነው። መከለል ለግንኙነት ይቆጥባል፤ ነገር ግን ባለቤት የሌላቸው ተግባራት ከኋላ ይቀራሉ፣ ሬዲስ ካልመለሰ ደግሞ ስረዛ የሚባለው ነገር ትርጉም ያጣል። መዝጋት ይሻላል። በኋላ የጸናውም ይህ ነው፤ አሁን ያለው የላይብረሪው ኮድ ምላሽ በማንበብ ላይ ሳለ ቤዝ ኤክሴፕሽን ጭምር የትኛውም ስህተት ቢነሣ ግንኙነቱን ይዘጋል።

መዝጋት ያለ ዋጋ አይደለም። ስረዛ በበዛበት ሰዓት ሁሉም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ እንደገና ለመገናኘት ይሮጣሉ፤ ቲኤልኤስ ካለ የሬዲሱ ሲፒዩ በመጨባበጥ ይያዛል፣ ምላሹ ይዘገያል፣ መዘግየቱ ሌላ ታይምአውት፣ ማለትም የጊዜ ገደብ ማለፍ፣ እና ሌላ ስረዛ ይወልዳል። ኦፕንኤአይ ከማስተካከያው ጎን ክላስተሩን ማስፋቱና ማጠናከሩ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

በአፕሊኬሽኑ በኩል ደግሞ ከካሽ የመጣው መረጃ በእርግጥ የጠያቂው መሆኑን የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ፍተሻ ገባ። ከሁሉም እርምጃዎች ለሌላ ሰው የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ከዚያ ሎጎቹ በፕሮግራም ተፈትሸው፣ የተለያዩ የመረጃ ምንጮች ተነጻጽረው የተጎዱት ተለዩ፣ ተነገራቸውም፤ ወደፊት እንዲህ ያለው ሲደርስ በእርግጠኝነት ለማወቅ የሎግ አያያዙም ተሻሻለ።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

*እሴቱ ባለቤቱን ይናገር።* የተጠቃሚ ቁጥር በቁልፉ ስም ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ ቁልፉ በምላሹ አይመለስምና። ቁጥሩን በእሴቱ ውስጥም አስቀምጡት፤ ባነበባችሁ ቁጥር ከጠያቂው ጋር አስተያዩት። ካልተስማማ መረጃውን አታሳዩ፣ ከዋናው ዳታቤዝ አንብቡ፣ ግንኙነቱን ዝጉ፣ በሎግ ላይ በከፍተኛ ደረጃ መዝግቡ። የሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ምንም ጊዜ አይወስድም። በእኔ አስተያየት የግል መረጃ ለያዘ ካሽ ይህ ግዴታ ነው፤ ላይብረሪው ምንም ያህል የታመነ ይሁን።

*ካሹን ማጽዳት አይፈውስም።* ችግሩ ሲታይ የመጀመሪያው ሐሳብ ሬዲስ ላይ ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነው። የተቀመጠው ግን ትክክለኛው ነው፤ የተዛነፈው ግንኙነቱ ነው። ከደመሰሳችሁ በኋላም ምላሹ ይሻገራል፣ ዋናው ዳታቤዝም በድንገተኛ ጭነት ይጨነቃል። የሚሠራው ግንኙነቶቹን መዝጋት ነው፦ አፕሊኬሽኑን ማስነሣት፣ ወይም በእያንዳንዱ የክላስተር ኖድ (ሰርቨር) ላይ «ክላየንት ኪል ታይፕ ኖርማል» የሚለውን ትዕዛዝ መስጠት። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። አፕሊኬሽኑ ከሬዲስ ያነበበውን አሻሽሎ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ የአንዱ መረጃ በሌላው ቁልፍ ሥር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ካሹም ራሱ ተበክሏል፤ ግንኙነቶቹ ከተዘጉ በኋላ ቁልፎቹም መጥፋት አለባቸው። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ብክለቱ ይመለሳል።

*ስረዛ ከየት እንደሚመጣ እወቁ።* ማንም «ሰርዝ» ብሎ ባልጻፈበት ኮድ ውስጥ ስረዛ አለ። ለተግባር የጊዜ ገደብ የሚሰጠው የአሲንክአዮ ዌይት-ፎር ጊዜው ሲያልቅ ውስጡ ያለውን ተግባር ይሰርዛል። በፓይተን 3.11 የመጣው፣ ተግባራትን በቡድን የሚያሠራው ታስክግሩፕ አንዱ ተግባር ሲወድቅ ወንድሞቹን ሁሉ ይሰርዛል። በአንዳንድ የዌብ ፍሬምወርኮች ተጠቃሚው ገጹን ሲዘጋ ጥያቄውን የሚያስተናግደው ተግባር ይሰረዛል። ለሬዲስ ጊዜ ገደብ ስትሰጡ ከውጭ በዌይት-ፎር ከመጠቅለል የላይብረሪውን የራሱን የሶኬት ታይምአውት መጠቀም ይመረጣል፤ ገደቡ ሲያልፍ ግንኙነቱ መበላሸቱን ላይብረሪው ራሱ ስለሚያውቅ ይዘጋዋል።

*የጤና ፍተሻን እንደ መከላከያ አትቁጠሩት።* ሬዲስ-ፓይ በየተወሰነ ሰከንድ ከትዕዛዝ በፊት ፒንግ ልኮ ፖንግ መምጣቱን የሚያይበት ቅንብር አለው፤ በእነዚያ ስሪቶች ነባሪው 0፣ ማለትም የተዘጋ ነው። ቢከፈት የተዛነፈ ግንኙነትን ሊይዝ ይችላል፤ ግን በሁለት ፍተሻዎች መካከል ባሉት፣ ለምሳሌ 30፣ ሰከንዶች ስንት ሰው የስንት ሰው መረጃ ያያል? የራሳችሁን ቋት የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ በፒንግ ፋንታ የተላከለትን ቃል መልሶ የሚሰጠውን ኤኮ የሚባል ትዕዛዝ በየጊዜው ከሚቀያየር የዘፈቀደ ቃል ጋር ላኩ። ብቻውን የሚላክ ፒንግ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የቆየ ፖንግ ለአዲስ ፒንግ መልስ መስሎ ያልፋል። የዘፈቀደው ቃል ግን ከአንድ ጥያቄ በቀር ለሌላ አይሆንም።

*ይህ የሬዲስ ብቻ አይደለም።* ምላሽ በተራ በሚመጣበትና ግንኙነት ከሰው ወደ ሰው በሚዞርበት ቦታ ሁሉ አንድ ነው፦ ሜምካሽድ የተባለው ካሽ የጽሑፍ ፕሮቶኮል፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ግንኙነቶች፣ ኤችቲቲፒ 1.1 ላይ ሳይዘጋ የሚቆይ ግንኙነት። አዲስ የደንበኛ ላይብረሪ ከመምረጣችሁ በፊት ኮዱን ከፍታችሁ አንድ ቦታ ብቻ ፈልጉ፦ ትዕዛዝ ከተላከ በኋላና ምላሽ ከመነበቡ በፊት የሚነሣ ማንኛውም ስህተት ግንኙነቱን ወዴት ይልከዋል? መልሱ «ወደ ቋቱ» ከሆነ ከላይ ያለውን የብርቱካንና የሙዝ ሙከራ ቴስቶቻችሁ ውስጥ አስገቡት። የሬዲስ-ፓይ ጠባቂዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ምላሽ የሚያዘገየው ፕሮክሲ ዛሬ የላይብረሪው ቴስቶች አካል ነው።